ከጋሽ መኩሪያ ጋር ያልጨረስነው ክርክር

ረዳት መምህር ሆኜ ደብረ ብርሃን በተቀጠርኩበት ቀን ጋሽ መኩሪያ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ሰሌዳ ማጥፋት ነው። "ከላይ ወደ ታች! ወደ ጎን ስትጠርገው ብናኙ ተማሪው ዓይን ውስጥ ይገባል" ብለው ዳስተሩን ከእጄ ነጠቁኝ። ስለ አእምሮ የሚሰጠውን የፍልስፍና ኮርስ የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ውይይቱን እመራ ነበር።

የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው። ስለ ነፍስ ከአባታቸው እየሰሙ አደጉ፣ ስለ አእምሮ ውጭ አገር ተማሩ፤ ሁለቱን ሲያከራክሩ ኖሩ። የደረሱበት ሐሳብ አጭር ነው። ሰውን ያው ሰው የሚያደርገው ትዝታው ነው፤ ትዝታው ጨርሶ ከጠፋ የቀረው ሌላ ሰው ነው።

ለእኔ ግን ይህ አልዋጥልህ አለኝ። በሻይ ሰዓት "ጠባይስ ጋሼ? ልማድስ?" እያልኩ እነዘንዛቸዋለሁ።

"ልማድማ በቅሎም አላት" ይሉኝና ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና "ይህቺን ነገር ጡረታ ስወጣ ተረጋግተን እናያታለን" አሉኝ።

ጡረታ ወጥተው አንኮበር ገቡ። እኔ ፈተና እርማት፣ ስብሰባ፣ የመንገዱ መዘጋት እያልኩ ሳልጠይቃቸው ሰነበትኩ። በኋላ የመርሳት በሽታ እንደያዛቸው ሰማሁ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ ቤታቸው ስደርስ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ስሜን ነገርኳቸው፤ ጋሼ አላወቁኝም።

"እኔንም አያውቀኝ" አሉ እትዬ አስካለ። "አንተ ትምህርቱን ታውቃለህ። ትዝታው የሄደ ሰው ሌላ ሰው ነው ሲል እሰማው ነበር። እንግዲህ ከማን ጋር ነው የምኖረው? ባሌ የለም ማለት ነው?"

በዚህ መሃል ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ገደል በኩል ነፋስ ተነሣ። ጋሼ ብድግ አሉ። ዞረው በነፋሱ በኩል ተቀመጡና የጋቢያቸውን ጫፍ በሚስታቸው ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ።

"ይበርድዎታል፣ እመቤት" አሏቸው።

"ከተጋባን ጀምሮ በነፋሱ በኩል ነው የሚቀመጠው" አሉኝ እትዬ አስካለ፣ እንባቸው እየወረደ።

"እሳቸው ናቸው፣ እትዬ" አልኩ። እኔም አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ መስማት የነበረባቸው ጋሼ ራሳቸው ነበሩ። "ጋሼ፣ ያን የልማድ ክርክር ዛሬ ተረቱ" አልኳቸው፤ ድሮ ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው በሳቁ ነበር። ስለ ሌላ ሰው የማወራ መስሏቸው በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ኮርሱን አሁን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች አጠፋለሁ። ለአዳዲስ መምህራን የምላቸው ይህን ብቻ ነው፦ ከሰው ጋር የጀመራችሁትን ክርክር፣ ሰውየው መመለስ በሚችልበት ጊዜ ጨርሱት።