ሐምዲያን ቀና በይ ያልኩበት ቀን

ከኖፓ እስከ ኡካ ብትጠይቅ የመቱውን ወጌሻ ፍስሐን የማያውቅ የለም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አጥንት ግን ቆጥሬያለሁ። ዳሪሙ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ የወደቀ ሰው፣ ትከሻው ወደ ጀርባው ዞሮ፣ በቃሬዛ አምጥተውልኝ ምራቄን ሳልውጥ ነው ቦታው የመለስኩት። በቅሎም አክሜያለሁ። የበቅሎዋ ነገር ብቻውን ቀን ይፈጃል፣ ይቅር።

የማወራው ስለ ሐምዲያ ነው። ሐምዲያ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ አባቷ ከጅማ የመጡ ነጋዴ፣ እሷም እንደ አባቷ ጎበዝ። ጣቃ ጨርቅ ከባጃጅ ላይ ብቻዋን አውርዳ ትሸከማለች። አምስት ወልዳለች፤ የመጨረሻዎቹ መንታ ናቸው። ከመንታዎቹ በኋላ ሆዷ አልተመለሰም፤ ቆዳው ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጆቹ አምስት ዓመት ሞልቷቸው እንኳ ገበያተኛው «ስንት ወርሽ ነው?» ይላታል። የባሏ እናት እትዬ ዘህራ ሳይቀሩ «ዘንድሮስ ወንድ ያርግልሽ» እያሉ ይመርቋት ነበር። እሷ «አሚን» ትላለች። ምን ትበል?

እኔ ያኔ ይሄን የት አውቄ። አሁን ራሷ ሱቋ ለሚመጣ ሴት ሁሉ ስለምትናገር ነው አፌን የፈታሁት።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ባሏ ነዚፍ ቡና ሊሰበስብ ዳሪሙ እንደገባ፣ «ዕቃ ላምጣ» ብላ አዲስ አበባ ሄደች። ለዕቃ አይደለም፤ ያንን የተንጠለጠለ ቆዳ ልታስቆርጥ ነው። ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው አሉ የሚቀድዱት፤ ትርፉን ቆርጠው የቀረውን ወደ ታች ስበው ይሰፉታል። ከእህቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪሙም «ወር ሙሉ እዚሁ እህትሽ ቤት ትተኛለሽ። ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። ቁስሉ ሳይጠና ቀና እንዳትዪ» ብሏታል። ታዲያ ወር ሙሉ ዕቃ ሲገዛ የሚከርም ነጋዴ የት አለ? በአስራ ሁለተኛው ቀን መኪና ተሳፈረች። የዚያን መንገድ ነገር አታንሳብኝ፤ ከበደሌ ወዲህ ያለው ጉድጓድ ስንት ወገብ እንዳመጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው!

ቤቷ የደረሰችው እጥፍ ብላ ነው። እትዬ ዘህራ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት «ጣቃ ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ» አለች። በመጀመሪያዋ ውሸት ላይ ይህችን ጨመረች። እኛ አገር ደግሞ ወገቤን ካልክ የሚጠራው ማን ነው? እኔ።

ቅባቴን ይዤ ስደርስ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ሐምዲያ አልጋው ላይ በጎኗ ተጠቅልላለች።

«ጋሼ ፍስሐ፣ ይተዉኝ። በራሱ ይለቃል» አለች።

«በራሱ የለቀቀ ወገብ አይቼ አላውቅም። አርባ ዓመት የሰራሁበት ነው፤ ተነሽ።»

«ማሎ ጋሼ፣ ማሎ!» ብላ ለመነችኝ።

ጎረቤቷ ዋሪቱ ሳቀች። «አምስት የወለደች ሴት ወጌሻ ትፈራለች እንዴ? ያንን ሁሉ ምጥ ማን አማጠልሽ?» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ዘህራ ግን አልሳቁም። «ይያዙልኝ ጋሼ፣ አይስሟት። ይህች ሴት ካልቆመች ይሄ ቤት አይቆምም።»

እኔ ሴት ስይዝ በልብሷ ላይ ነው፤ ገልጬ አላይም። ደንቤ ነው። ስደግፋት ሆዷ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ታስሮ አገኘሁ። መቀነት ነው አልኩ። ለካ ሐኪሙ ያሰራት ቀበቶ ኖሯል። እጄ ነግሮኝ ነበር። እጄ ሲነግረኝ ሁልጊዜ የምሰማው ሰውዬ፣ ያን ቀን ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበርና አልሰማሁትም።

የጎበጠ ወገብ እንደጎበጠ ከሰነበተ ይደርቃል። ስለዚህ ጉልበትህን ከኋላ ታስደግፋለህ፣ ሁለቱን ትከሻ ትይዛለህ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ትስባለህ። በቀስታ አይሆንም፤ በድንገት ነው።

ትከሻዋን ስይዝ «ጋሼ፣ ለብቻዎ አንድ ነገር...» አለች፣ በሹክሹክታ። ከዚያ አማቷን አየች። አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው። ዓይኗን ጨፍና «ቢስሚላህ» አለች። ለበረከት መሰለኝ።

«ቀና በይ!» ብዬ ሳብኳት።

አጥንት ሲገባ ቋ ይላል። ያንን ስጠብቅ የሰማሁት ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ሐምዲያ አልጮኸችም፤ አፏን ከፍታ ቀረች። አረንጓዴ ቀሚሷ ከፊት ለፊት መጥቆር ጀመረ።

«ዋዮ! ደም ነው!» አለች ዋሪቱ።

እትዬ ዘህራ ራሳቸውን ያዙ። «አስወረዳት! የነዚፍን ልጅ አስወረዳት!»

«ልጅ አይደለም እማ» አለች ሐምዲያ። «ልጅ የለም። ሆዴን አስቆርጬ ነው።»

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ልጅ እግር ዶክተር ናት የተቀበለችን፤ አይታ «ማነው የጎተታት?» አለች። «እኔ» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሥራዬ ግማሽ ሰዓት አወራት ነበር።

ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል። መልሶ መስፋት አይቻልም፣ መግሏል አሉ። የጠቆረውን ሥጋ በየቀኑ እየቆረጡ፣ ክፍቱን በፋሻ እየሞሉ ሦስት ወር ተኛች። ሁለት ጊዜ ትኩሳቱ ወስዶ መለሳት፤ አንደኛውን ቀንማ ልጆቹን ጠርተን ነበር። ነዚፍ ከዳሪሙ ግማሹን መንገድ በእግሩ መጥቶ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህ ሂጂ ትለኝ ነበር?»

እትዬ ዘህራ እያጠቧት እያበሏት ከአጠገቧ አልጠፉም፤ ግን አያናግሯትም። ላልተፀነሰው ልጅ ነበር የሚያለቅሱት። ጉድ እኮ ነው!

ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «እርሶ ወገብ ነው የተባሉት፣ ወገብ ያዙ» አለች። «ወገብ ያልኩት እኔ ነኝ።» ምንጣፉ ላይ ወድቄ እግሯን ልይዝ ስል ከለከለችኝ።

ቁስሉ አሁን ደርቋል። ጠባሳው ግን እንደ ደረቀ ቁርበት ጨምድዶ ይዟታል፤ እንደጎበጠች ናት የምትሄደው። ገበያተኛው ዛሬ ወር አይጠይቃትም፤ «እማማ» ነው የሚላት። ገና አርባ አልሞላትም።

ባለፈው ቅዳሜ በሱቋ በኩል ሳልፍ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ አሁንማ ደርቋል። አሁን ያቅኑኝ።»

በልብሷ ላይ፣ በቀስታ፣ ወገቧን ዳበስኩ። አጥንቷ ምንም አልሆነም። የያዛት ቆዳው ነው። ለቆዳ ደግሞ የእኔ እጅ አይሆንም።

«አልችልም» አልኳት። ይሄን ቃል ከአፌ የሰማ ሰው በመቱ የለም።

አላመነችኝም። ባንኮኒውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ጀርባዋን ሰጠችኝ። «ግድ የለም ጋሼ» አለች፤ «አንዴ ይሳቡኝ። ዛሬ ማንም የለም።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።