እመት ድስት ጫካ ውስጥ ምን ትቀብራለች?

እመት ድስት ጎህ ሳይቀድ ከረጢት ተሸክማ ጫካ ትገባለች፤ ከገበያ የገዛችውን ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት እየቆፈረች ትቀብራለች፤ ረፋዱ ላይ ጎብኚዎቿን አስከትላ ትመጣና «እዩልኝ የተፈጥሮን ሥራ!» እያለች መልሳ ታወጣዋለች። ወሬው ይህ ነው። የተወለደው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባቱ ደላላው ነው፤ ያሳደግነው ግን ሁላችንም ነን።

ስናሳድገውም አልሰሰትንም። ደላላው መጀመሪያ ያየው ከረጢቱን ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሻይ ሲመጣለት ከረጢቱ ውስጥ ድንች አየ። ፀጉር አስተካካዩ ከደንበኛ ሰማሁ ብሎ ካሮት ጨመረበት፤ ያውም ተዘቅዝቆ የተቀበረ፣ ቅጠሉ ወደ ምድር፣ ሥሩ ወደ ሰማይ። ጎማ ጠጋኙ ደግሞ አንዲት ጎብኚ ጥቅል ጎመን ከዛፍ ላይ ስትለቅም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አለ። ሳምንቱ ሳያልቅ፣ አንድ ሰውዬ ከመሬት ቆፍሮ ያወጣው ዳቦ ገና ትኩስ ነበር ተባለ። ይሄኔ እንኳ «ኧረ ተዉ» ያለ ሰው አልተገኘም። ይልቁንስ አንዱ «ቅቤስ ተቀብቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ትንሽ ቆም ብሎ ላሰበው ግን ወሬው ወገብ የለውም። እመት ድስት ምንም ነገር በምስጢር ማድረግ የማትችል ሴት ናት። መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ እንኳ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል፤ «ግባ ብያለሁ! አሁንስ ናቅኸኝ!» እያለች ከክሩ ጋር ትጣላለች። እንዲህ ያለች ሴት ድንች ብትቀብር መርቃ፣ መክራና ገስጻ ነው የምትቀብረው፤ አገር ይሰማ ነበር። ደግሞስ ገበያ መች ትሄድና! የገበያው መግቢያ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠችው የወንድሟ ሚስት እናት ናት። እመት ድስት በዚያ በር ከምታልፍ በጣሪያ ብትገባ ይሻላታል፤ ጣሪያው ደግሞ አይችላትም።

እዚህ ላይ የወንድሟን ሚስት ማስተዋወቅ ግድ ሊሆን ነው።

እመት ድስት ድሮ የሾፌሮች ምግብ ቤት አብሳይ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ጫካው ዳር ጥቂት የእንጨት ጎጆዎች ቀልሶ «ሎጅ» የሚል ሰሌዳ ሲሰቅል፣ «እትዬ፣ ነይና ወጥ ቤቱን ያዢልኝ» አላት። መጣች። ችግሩ፣ ያንኑ ወጥ ቤት ለሚስቱም «ያዢልኝ» ብሏታል። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ልጃቸው ጢሙን መላጨት ጀምሯል፤ እመት ድስት ግን እስካሁን «ሙሽሪት» ነው የምትላት። ገና አልለመደችም ለማለት ነው። ሙሽሪትም አትተኛላትም፤ ደህና ቀን «አንቺ» ትላታለች፣ ስትንቃት ግን በአክብሮት «እርስዎ» ትላታለች። እመት ድስት የሰቀለችውን ጭልፋ ሙሽሪት አውርዳ ሌላ ሚስማር ላይ ትሰቅላለች፤ እመት ድስት ትመልሰዋለች፤ ሙሽሪት ትወስደዋለች። ያ ጭልፋ ከአውቶቡሱ የበለጠ መንገድ ሄዷል።

አንድ ጠዋት ሙሽሪት የእመት ድስትን ወጥ ቀመሰችና ምንም ሳትናገር ጨው ጨመረችበት። ምንም ሳትናገር! ብትሰድባት ይሻላት ነበር። እመት ድስት ትልቁን ድስት አንጠልጥላ፣ ቢላዋና ክብሪት መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የማበስለው ለጦጣ ነው! ጦጣ እንኳ ሲጠላ ፊት ለፊት ይወረውራል!» ብላ ወደ ጫካው ነጎደች።

በረንዳው ላይ ቁርሳቸውን ጨርሰው አስጎብኚ የሚጠብቁ ጎብኚዎች ነበሩ። ድስት ያነገበች ደልዳላ ሴት ፊቷን ቋጥራ ጫካ ስትገባ ሲያዩ ፕሮግራሙ የተጀመረ መሰላቸው። ካሜራቸውን አንጠልጥለው ተሰለፉና ተከተሏት። እመት ድስት ወንዙ ድረስ እየተራገመች ሄደች፤ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም። ዞር ስትል ሰልፍ ነው።

«እናንተ ደግሞ ማን ጨው ጨመረባችሁ?» አለቻቸው።

ፎቶ አነሷት።

ምን ታድርግ? እግሯን ተከትሎ የመጣን ሰው ጦሙን መመለስ አልሆነላትም። ከወንዙ ዳር ጎደሬ ነቀለች። ቅጠሉ ጃንጥላ የሚያክል፣ ሥሩ እንደ ድንች ተቀቅሎ የሚበላ፣ ጥሬውን ለደፈረው ግን ጉሮሮ እያሳከከ የሚያስለቅስ ተክል ነው። ወንዙ ላይ ካገኘችው ዓሣ አጥማጅ ዓሣ ተቀብላ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለችና ፍም ላይ ጣለችው። ቁጥቋጦ መሃል አናናስ አገኘች። እስኪበስል ድረስ ታዲያ አፏ አላረፈም፤ ሙሽሪትን ታማ ነበር።

«ያቺን ምንቃሯ ከገላዋ የሚበልጥ ወፍ ታያላችሁ?» አለች ጣቷን ቀስራ። «ሥራ የላትም። ጩኸት ብቻ! ሌላው የሠራውን ጎጆ እየዞረች አቃቂር ታወጣለች። የማን ዘመድ እንደሆነች እኔ አውቃለሁ።»

ጎብኚዎቹ ስለ ወፏ ጠባይ የተነገራቸው መስሏቸው ተደነቁ። ቅርንጫፉ ላይ የተደረደሩትን ጦጣዎች «የወንድሜ አበዳሪዎች» አለቻቸው፤ ከዝናብ በኋላ ከመሬት የሚነሳውን ሽታ «ይሄ ብቻ ነው ማንም እጁን ያላስገባበት ወጥ» አለችው። ቢራቢሮ ድስቱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ንግግሯን አቁማ እስኪነሳ ጠበቀችው። ይህን ካወቅናት ጀምሮ ለሰው አድርጋ አታውቅም።

ማታ ሎጁ ሲመለሱ ጎብኚዎቹ ባለሎጁን ከበቡት። «እንዲህ ያለ ቀን አሳልፈን አናውቅም! ነገስ በስንት ሰዓት ነው የምትቆጣው?»

እንዲህ ሆኖ ኩርፊያው መደበኛ ሥራ ሆነ። ወንድምዬው «የጫካ ጉዞ ከጫካ ምሳ ጋር» የሚል ሰሌዳ ጻፈ። እመት ድስት በየጠዋቱ ድስቷን ታነግባለች፣ ፊቷን ትቋጥራለች፣ ሰልፉ ይከተላታል። ደስ ባላት ቀን እንኳ ለደንብ ያህል በሩን ደርግማ ትወጣለች። ሥራውን ወዳዋለች። ሾፌሮቹ ዓይናቸውን ሰዓት ላይ ሰክተው ነበር የሚበሉላት፤ ምን እንዳቀረበች አያውቁትም። እነዚህ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያኝኩት። መጀመሪያ ያየች ቀን የታመሙ መስሏት ጀርባቸውን መታች።

የኛ ወሬ የደረሰው ታዲያ በዚህ ደስታ መሃል ነው። ከሻይ ቤት ተነሥቶ ገበያ ሄደ፤ ከገበያ በሙሽሪት እናት አፍ ወደ ሙሽሪት ጆሮ፣ ከሙሽሪት ጆሮ ወደ ባለሎጁ እራት ተሻገረ። ደንበኛ የሚልክላቸው የጉዞ ድርጅትም ሰምቶ ኖሮ፣ ተቆጣጣሪ ላከ። ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚያስከፍል የሚመስለው ሰው ነው።

ባለሎጁ እህቱን በረንዳ ላይ አገኛት።

«እትዬ፣ ወሬው እውነት ከሆነ የጫካው ምሳ ይዘጋል።»

«ቢዘጋስ?»

«ወደ ወጥ ቤት ትመለሻለሽ።»

«ከማን ጋር?»

ወንድሟ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ከማን በታች ይበሉ እንጂ» አለች ሙሽሪት ከበሩ ኋላ፣ በታላቅ አክብሮት።

እመት ድስት ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሎጁ ውስጥ የነበሩ ዶሮዎች እንኳ ምን መጣ ብለው ቀና አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ተቆጣጣሪው፣ ባለሎጁና ሙሽሪት ወንዙ ዳር ካሉት የሙዝ ተክሎች ኋላ አደፈጡ። ደላላው በምስክርነት ተጠርቷል። እኛ የተቀረነው የሻይ ቤት ሰዎች ማንም አልጠራንም፤ መጣን። ለጎማ ጠጋኙ የሚበቃ የሙዝ ግንድ ስላልተገኘ ሁለት ተሰጠው።

መጣች። ከረጢት ተሸክማለች! ደላላው በክርኑ ጎሰመን። ወንዙ ዳር ተንበረከከች፣ በቢላዋዋ አፈሩን ቆፈረች፣ ከከረጢቱ አንድ ነገር አወጣችና ቀበረች።

«አንተ እዚህ ሁን። ጎረቤትህን እንዳትገፋ» አለችው። ሌላ አወጣች። «አንቺ ደግሞ ቀና በይ። አትጣመሚ፣ ሙሽሪትን ትመስያለሽ።»

«ሰማችኋት?» ብላ ጮኸች ከቅጠሉ ኋላ ያለችው ሙሽሪት። ማድፈጣችን እዚያው ላይ ተበላሸ።

እመት ድስት ቀና አለች። «ሙዝ መናገር ጀመረ? ውጡ! ያኛው ሆዳሙ ሙዝም ይውጣ!» ጎማ ጠጋኙ ወጣ።

ተቆጣጣሪው ግን ጊዜ አላጠፋም። ዘሎ ጉድጓዱ ላይ ደረሰና የተቀበረውን መንጭቆ ወደ ላይ አነሣው። «ድንች! የገበያ ድንች!»

«ጎደሬ ነው ጌታዬ።»

«እኔን ነው የሚያታልሉት? ድንች ጥሬውንም አውቀዋለሁ!» አለና በሱሪው ጠረገው።

«ኧረ በሞቴ! ጥሬውን አይቅመሱት!»

ማስረጃ ልታስጥለኝ ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ ባለ በሌለ ጥርሱ ገመጠው። አኘከ። ደግሞ ሊገምጥ ሲል ፊቱ ቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጆሮው ቀላ፣ ምላሱ ወጣና አልገባም አለ። ጉሮሮውን በሁለት እጁ እያከከ ጉድጓዱን ዞረ፣ ዛፉን ዞረ፣ ደላላውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ነጩ ጫማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የአገሩን መልክ ያዘ። ጦጣዎቹ ቤተሰቦቻቸውን ጠርተው ከላይ ተደረደሩ።

ይህን ጊዜ ደላላው ከረጢቱን ዘቅዝቆ አራገፈው። ድንች የለም። ካሮት የለም። ትኩስ ዳቦም የለም፤ እውነቴን ነው፣ እሱን ሳጣ ትንሽ ከፋኝ። የወደቀው የጎደሬ አናትና የአናናስ ጫፍ ብቻ ነው፤ በትናንቱ ምሳ ላይ የተቆረጡ። የጎደሬ አናት ከነግንዱ ተቆርጦ መሬት ከተመለሰ እንደገና ያድጋል፣ አናናስም እንዲሁ። እመት ድስት ለካ በየጠዋቱ ከመሬት የነቀለችውን ለመሬት ስትመልስ ኖሯል።

ባለሎጁ ፈገግ አለ። «እሰይ! የገበያ አይደለም! የጫካው ምሳ ተረፈ!»

«ቆይ እስቲ» አለች ሙሽሪት። «እሳቸው ተክለውታል ማለት ነው?»

«ብትተክለውስ?» አለ ባለሎጁ።

«የተተከለ ነገር ያለበት ቦታ ምን ይባላል? ጓሮ ይባላል። የሎጁ ጓሮ በማን ሥር ነው? በወጥ ቤቱ። ወጥ ቤቱስ?» በጣቷ ደረቷን ነካች። «እንግዲህ እሳቸው ጓሮ ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል ማለት ነው፤ ሳያስፈቅዱኝ።»

«ጓሮ ከሆነማ…» አለ ባለሎጁ በቀጭን ድምፅ። ዓይን ሁሉ ተቆጣጣሪው ላይ ዞረ። ጓሮ ነው ካለ እመት ድስት ወደ ጭልፋውና ወደ ሙሽሪት ትመለሳለች። ጫካ ነው ካለ ነፃ ናት። እሱ ግን የሚያወጣው ድምፅ «ክሕ» ብቻ ነው።

እመት ድስት ሳትቸኩል ከመቀነቷ ሎሚ አወጣች። ሳትቸኩል ለሁለት ከፈለችው። የሎሚው ሽታ ጫካውን ሞላው።

«ጌታዬ፣ የጎደሬን ማሳከክ የሚያበርደው ይሄ ነው። ጥቂት ልጠይቅዎና እሰጥዎታለሁ። የበሉት ድንች ነው?»

ራሱን ወዘወዘ፤ አይደለም።

«ገበያ ላይ እንዲህ የሚያሳክክ ነገር ይሸጣል?»

«ክሕ!» አይሸጥም።

«ይሄ ያሉበት ቦታ ጓሮ ነው?»

ተቆጣጣሪው ዙሪያውን አየ። ሰማይ የማያሳየውን ዛፍ አየ፣ እግሩን የዋጠውን ጭቃ አየ፣ ባርኔጣውን ወስዶ የደፋውን ጦጣ አየ። ቀጥሎ ሎሚውን አየ። ሎሚውን ነው ረዘም አድርጎ ያየው። ራሱን በኃይል ወዘወዘ፤ አይደለም!

«ታዲያ ጫካ ነው?»

አንገቱ እስኪላቀቅ «አዎ» እያለ ጎነበሰ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ክፈት አፍህን!» ብላ ሎሚውን ጨመቀችለት።

ቀትር ላይ ያው ተቆጣጣሪ በባዶ እግሩ ተቀምጦ ዓሣውን ከሙዝ ቅጠሉ ላይ በጣቱ እየፈለቀቀ፣ በደንብ የበሰለውን ጎደሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሲበላ ታየ። ሙሽሪት ባሏን ይዛ ቀደም ብላ ሄዳለች። እኛም ያልተጠራንበትን ምሳ በልተን ልንነሣ ስንል ደላላው ወሬው እንዲህ ሜዳ ላይ ቀርቶ መሄዱ አላስችል አለው።

«እትዬ፣ እንግዲህ ተቀየሙም አልተቀየሙ፣ ሲቀብሩ በዓይናችን አይተናል። ከረጢቱም ነበር፣ ማለዳም ነበር። ግማሹ እውነት ነው ማለት አይደል?»

እመት ድስት እጇ እስከ ክርኗ አፈር ነው። ፀጉሯ ላይ የጎደሬ ቅጠል ተሰክቷል። ባዶው ከረጢት ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ሙሽሪት የሄደችበትን መንገድ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጋ አየችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔ? ስማ አንተ ወሬ አናፋሽ! እኔ ከረጢት የሚባል ነገር የለኝም። ጎህ ሲቀድ ተኝቼ ነው ያለሁት። ድንች አልወድም፣ ካሮት አላውቅም። ከተወለድኩ ጀምሮ አንዲት ነገር መሬት ውስጥ ቀብሬ አላውቅም፤ አባቴን እንኳ የቀበሩት ሌሎች ናቸው!»