የታጠበው ድንች

ሂልካ ጡረታ ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሰኔ በገባ ቁጥር ግን የድሮው የሃርዩላ መንደር የኅብረት ሱቅ ክፉኛ ይናፍቃታል። የአሁኑ ሱቅ መስተዋት በመስተዋት ነው፤ ያምራል፣ ማን ይክዳል? ግን አፈር አፈር አይልም፤ ሠራተኛውም የገበያተኛውን ስም አያውቅም።

እሷ ሥራ አስኪያጅ በነበረችበት ዘመን አትክልቱ ሁሉ ከዋናው መጋዘን በመኪና ይመጣ ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ ኦይቫ የሚባል ገበሬ ያለ ምንም ኬሚካል ድንች ሲያበቅል፣ የሃርዩላ ሰው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ድንች ይገዛል። ይህ ነገር ሂልካን ያንገበግባት ነበር። የሱቁን ቦርድ በረዶው እስኪቀልጥ ስትነዘንዝ ከርማ አንድ ዕድል አገኘች። አገሬው አዲስ ድንች በሚበላበት በሰኔው የዮሐንስ በዓል የኦይቫ ድንች ከተሸጠ መደርደሪያ ያገኛል፤ ካልተሸጠ ግን ወሬው እዚያው ያበቃል።

«ጌታው፣ ትዘራለህ ወይስ ትፈራለህ?» አለችው ኦይቫን።

«አንቺስ ትሸጫለሽ?»

«እሸጣለሁ አልኩህ እኮ!»

ኦይቫ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ለአጃ ያሰበውን ማሳ ጭምር ድንች ዘራበት።

የበዓሉ ሳምንት ደረሰና ማክሰኞ ድንቹ ከነጭቃው መጣ። ሂልካ ከመጋዘኑ ንጹሕ ድንች ጎን ስታየው ልቧ ፈራ፤ የቦርዱ ሰዎች ምን ይሉኛል አለች። ከገንዘብ ተቀባይዋ ከሲርካ ጋር እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ አጠበችው፣ በላስቲክ ቋጠረችው፣ «ኦርጋኒክ» የሚል ወረቀትም ለጠፈችበት። ምን ነካት? የዮሐንስን ድንች ሰው በየደጁ፣ በገዛ ባልዲው እንደሚያጥብ እሷም ታውቃለች። ጣት ሲነካው ልጣጩ ካልተላቀቀ አዲስ እንደማይባልም ታውቃለች።

ረቡዕ ገበያተኛው ላስቲኩን እያነሣ አስቀመጠው።

«አንቺ ሂልካ፣ ይሄ ደግሞ ከየት አገር ነው?» አሏት አሮጊቷ ሳይሚ።

«ከኦይቫ ማሳ ነዋ!»

«ሂጂ ወዲያ! የኦይቫ ማሳ አፈር የለውም እንዴ?»

ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እኩለ ቀን ላይ ድንቹ ላስቲኩ ውስጥ አልቦት መጥቆር ጀመረ። ሂልካ ስልክ ደወለች፤ ኦይቫም መጣ። አንዱን ላስቲክ ፈታና አሸተተው።

«አጠብሻቸው» አለ።

«አጠብኳቸው።»

«እህ።»

ይኸው ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ኦይቫ በእንጨት ሣጥን የተሞላ፣ ጭቃው ያልደረቀ ድንች ይዞ በር ላይ ቆሟል። በእጁ የአባቱን የሊትር መስፈሪያ ይዟል። ድንቹ ደቃቅ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ተጋፋበት። ሳይሚ ሦስት ሊትር አሰፈሩ፤ የቦርዱ ሰብሳቢም እንደ ማንም ተሰልፎ ገዛ። ሳይመሽ አለቀ፤ መደርደሪያውም የኦይቫ ሆነ። ሂልካ ያን ቀን ስትስቅ ዋለች፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቀችበት ቀን ትዝ አይላትም።

በሐምሌ ተጨማሪ ድንች ልታዝዝ ብስክሌቷን እየነዳች ወደ ማሳው ሄደች። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሯል፤ የቀረው የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። ያን ሐሙስ ሲሸጥ የዋለው ለሐምሌ የተተወው ድንች ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ትንሽ ቢቆይ እኮ እጥፍ ይሆን ነበር!»

ኦይቫ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«እሸጣለሁ ብለሽ ነበር» አለ። «በሰው ፊት ውሸታም ትሁን ልበል?»