ካርዱን ለበሽተኛው የሚያነቡት አጎቴ

በደርግ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል አዲስ ነርስ ሆኜ ስገባ፣ ከሐይቅ እስከ ግሸን በካርድ አሞላል የሚደርስብኝ አልነበረም። በሽተኛው ከቃሬዛ ሳይወርድ ጽፌ፣ ፈርሜ እጨርስ ነበር።

የክፍሉ አለቃ አጎቴ ነበሩ። የጻፍነውን ሁሉ ለበሽተኛው ጮክ ብለው ያነቡና «ልክ ነው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን «የልብ ምት ሰማንያ» ብለው ሲያነቡ፣ ከአምባሰል የመጡ እናት በደከመ ድምፅ «ወላሂ፣ ይኼ ልጅ እጄንም አልነካ» አሉ።

አጎቴ አልተቆጡም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ሰጡኝ። «በል፣ አሁን የእማማን እጅ ያዝ።»

ስለካው መቶ አርባ ሆነ። እኒያ እናት ለጥቂት ተረፉ።

አጎቴ ከሄዱ ወዲህ «ልክ ነው?» የሚል የለም። ታመው እዚያው ክፍል ባረፉበት ቀን ካርዳቸውን የሞላሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን የልብ ምት የጻፍኩት ሳልለካ ነው፤ እጃቸውን መያዝ ፈርቼ።