መብራት ያጠፋው ሾፌር

በመናኸሪያው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «አባ ዝግታ» ነው የሚለው። ሌሎች ሾፌሮች ክረምት ሲገባ አዲስ ካሴትና የመስታወት ጌጥ ሲገዙ፣ እሱ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ ይገዛል። ጎርፍ ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑ እስኪደርቅ ፔዳሉን ነካ ነካ እያደረገ ይጓዛል። ከፊቱ ካለው መኪና በጣም ስለሚርቅ ሁልጊዜ አንዱ መሃል ይገባበታል፤ እሱም እንደገና ወደ ኋላ ይቀራል።

«አንተ እኮ መሪ የጨበጥከው ወደ ኋላ ለመሄድ ነው!» ይሉታል።

ይስቃል። በመንገድ ላይ ሲያረጅ አንድም ሰው አላቆሰለም። ግን ይህን ማን ይቆጥርለታል? ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውም።

አውቶቡሱ የሚስቱ ወንድም ንብረት ነው። በዚያ ክረምት ተሳፋሪው ወደ ፈጣኖቹ መሸሽ ጀምሮ ነበርና፣ አንድ ማለዳ ሊነሳ ሲል አማቹ አውቶቡሱ ከሚሄድበት ከተማ ደወለለት። «ስማኝ ወንድም ዓለም፣ ዛሬም ከዘገየህ ቁልፉን ታስረክበኛለህ። እህቴ አለቀሰች አላለቀሰች፣ በቃኝ።»

ዳገቱን አጋምሰው ሳለ ጉም ወርዶ ቀኑን አጨለመው፤ መንገዱንም ዋጠው። ከፊት የሚሄደው መኪና ቀይ መብራት ብቻ ቀረ። ሌላ ሾፌር ቢሆን እሱን ይዞ ይከተል ነበር፤ አባ ዝግታ ግን ፊተኛው ገደል ቢገባ ኋለኛው አብሮት እንደሚገባ ያውቃል። ቀስ ብሎ ከአስፋልቱ ወጣና ጥግ ያለች ሜዳ ላይ አቆመ። ከዚያም ሞተሩንም መብራቱንም ድርግም አደረገው።

«ምነው ሰውዬ፣ ጨለማ ውስጥ ልታስፈጀን ነው?» አለች ሕፃን የታቀፈች ሴት።

«እህቴ፣ ከኋላ የሚመጣው መብራት ካየ መንገዱ በዚህ ነው ብሎ ይመጣብናል።»

«ተዪው፣ እንቅልፉ መጥቶ ነው!» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ። ሳቁ እስከ ፊት ወንበር ደረሰ።

ጉሙ ግን አልነሳም፤ ሳቁም እየቆየ ወደ ማጉረምረም ዞረ። በመጨረሻ ጎረምሳው የስልኩን መብራት አብርቶ ከኋላው መስታወት ላይ ለጠፈው። «ቢያንስ ይዩን!»

አባ ዝግታ ጮኾ አያውቅም። ያኔ ጮኸ። «አጥፋው! አጥፋው አንተ ደንቆሮ!»

ጎረምሳው ደንግጦ አጠፋው። ወዲያው የጭነት መኪና ጩኸት ከኋላ እየጎላ መጣ፤ ወንበሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ የጭቃ ውሃ መስኮቶቹን ገረፋቸው፣ አለፈ። ከዚያ አንዱ፣ «አያችሁ? እሱ እንኳ ይሄዳል» አለ።

ጉሙ ሲገፈፍ ተነሱ። የከተማው መናኸሪያ ሲደርሱ አማቹ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባ ዝግታ ተሳፋሪዎቹ ይመሰክሩልኛል ብሎ በሩ ሥር ቆመ። መሰከሩም።

«ገደል አፋፍ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ጎልቶን ዋለ!» አለች ሴትዮዋ።

«ደንቆሮ ብሎ ሰደበኝ» አለ ጎረምሳው።

«ሰማህ?» አማቹ መዳፉን ዘረጋ።

«ሁሉም በእግራቸው ነው የወረዱት» አለ አባ ዝግታ።

«ታዲያ በምናቸው ይውረዱ?»

ቁልፉን ሰጠው። እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኮቱን ሲዳብስ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ አንዲት አሮጊት፣ እያዘገሙ ወደ እሱ ተመለሱ። ልቡ ሞቅ አለ።

«ልጄ፣ ዣንጥላዬን ወንበር ሥር ረስቼ።»

ገባ፤ ተንበርክኮ ፈለገና አወጣላቸው።

«ዕድሜ ይስጥህ። ሁለተኛ ግን እንደዚያ አታስፈራራን፣ እሺ?»

«እሺ እማማ» አላቸው። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»