ከእርቁ በኋላ የደረሰው ትራፊክ

ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ ሁለት መኪኖች አስፋልቱ መሀል ፊት ለፊት ተጋጭተው ቆመው አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን የተጎዳ ሰው የለም። ሹፌሮቹ ግን መስኮታቸውን ዘግተው፣ እያንዳንዳቸው በስልክ ከኢንሹራንሳቸው ጋር ያወራሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። እንዲህ ነው የሚመከረው አሉ። ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪና አይነካም፣ ስለ ጥፋትም አይወራም። ልክ ነው። እኔ ይህን ልክ የተማርኩት ግን በብዙ ድካም ነው።

ያኔ መንገዱ ገና ጠጠር ነበር፣ እኔም ጎረምሳ። የምነዳው የታላቅ እኅቴን የየሺን ፒካፕ ነው። ባሏ ሲሞት የቀሩላት ሁለት ልጆችና ያቺ መኪና ብቻ ነበሩ። ከጎንደር ስኳርና ዘይት እየጫንኩ ደባርቅ ላሉ ባለሱቆች አደርሳለሁ፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነው።

ወሩ መስከረም ነበር። ዳባት ላይ የገዛሁት የባቄላ እሸት ከጎኔ ተቀምጦ ሽታው ጋቢናውን ሞልቶታል። ደባርቅ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ጉም መንገዱ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ቀኜን ይዤ ቀስ እያልኩ አንድ ኩርባ ስዞር፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ክረምቱ የቦረቦረውን ጉድጓድ ሸሽቶ በኔ በኩል መጣብኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ እሱም ያዘ፤ ግን ከመጋጨት አልተረፍንም። የፒካፗ ኮፈን ታጠፈ፣ ራዲያተሩ ፈሰሰ፣ አንዱ ፓራፋንጎ ጎማው ላይ ተለጠፈ። አይሱዙው ከፓራውልቱ መጣመም በቀር ምንም አልሆነም። ድንቹ ግን ቁልቁል ተንከባለለ።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ወዲያው ከበበን። መጀመሪያ እኛን አገላብጠው አዩ። ቀጥለው ድንቹን ለቃቅመው መለሱ። ከዚያም አህዮቹም አውቶቡሱም እንዲያልፉ ብለው ሁለቱን መኪኖች እየገፉ ዳር አወጧቸው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ነገር ግን አንድም አልቀረም።

ቄስ አድማሱ የሚባሉ የሰፈሩ ካህን ግጭቱን ከመነሻው አይተዋል። ኩርባው ላይ በቅሏቸውን ስበው መንገድ ሊለቁልን ቆመው ነበርና። ሁለታችንንም አጠገባቸው ጠርተው፣ ነፍስ ከተረፈ ቂም ይዘን እንዳናድር ለመኑን። የአይሱዙው ባለቤትም ሹፌርም ሰዒድ፣ በደባርቅ የታወቀ የድንች ነጋዴ፣ ከኔ በብዙ ይበልጣል። ቀድሞኝ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ታላቄ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ዝም ብዬ ልቀበል? የለም ጋሼ፣ ፈጥኜ የመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። እሱ አይሆንም ይላል፣ እኔም አይሆንም እላለሁ። ሰው በጨዋነታችን ደስ ብሎት መረቀን፣ ተቃቀፍን፣ አለቀ።

ትራፊኩ ሲደርስ ከሰዒድ ጋር እሸት እየፈለፈልን ነበር። ማነው ያጠፋው ሲለን ሁለታችንም እኩል «እኔ» አልን። ሰውየው ሰው የረጋገጠውን ጠጠር አየ፣ እኛን አየ፣ እንደ ቃላችን ጽፎ ሄደ።

የሺ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። «ትሕትናህን በራስህ መኪና ብታሳይ ምን ነበረበት?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሺ የገባችው ዋስትና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ የራሷን መኪና የሚያሠራ አልነበረም። የሚያሠራላት የሰዒድ ኢንሹራንስ ነው፤ እሱም ጥፋተኛው ሰዒድ መሆኑ ሲረጋገጥ። ሰዒድ ለዚህ አላመነታም፤ ይዞኝ ጎንደር ወረደ። የኢንሹራንሱ ቢሮ እስኪከፈት፣ የሁለታችን ሥጋ ቤት አይገናኝምና ፉል ጋበዘኝ። ሠራተኛዋ እየተሳሳቅን ስንገባ አየችን፤ ሰዒድ ጥፋቱ የኔ ነው ሲልም ሰማች።

«ተጋጭተው ተቃቅፈው የሚመጡ ሰዎች አይቼ አላውቅም» አለች። ተማክረው ነው ብላ መጠርጠሯ ነው፤ አልፈርድባትም። ያየ ሰው ለፖሊስ መስክሮ ጥፋተኛው ካልተለየ እንደማይከፈል ነግራ ሸኘችን።

ያየ ሰው ቄስ አድማሱ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እምቢ አሉ። «አስታርቄ ሳበቃ ተመልሼ በሰው ላይ ልቁም? ይኼስ አይሆንልኝም ልጄ» አሉኝ። ፒካፗ ግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮ ማደሪያ ሆነች። አንድ ነጋዴ ለመለዋወጫ ብሎ ሊገዛት ተመላለሰ። የሺም ወደዚያ በኩል ማየት ተወች። ልትሸጣት መሆኑ ሲገባኝ እህል አልወርድልህ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ምን ልንበላ ነው?

ለሰዒድ ነገርኩት። በማግስቱ ቄሱ ቤት ይዞኝ ሄደ። ቆሎ ቀረበልን፤ እሱ ሳይነካው ተናገረ።

«አባ፣ እባክዎ ይመስክሩብኝ። እርስዎ ዝም ሲሉ የሚራቡት የየሺ ልጆች ናቸው። እኔ እንደሆን ይቅርታውን አግኝቻለሁ፤ ማን ይወስድብኛል?»

ቄሱ የቆሎውን ሳህን ወደ ሰዒድ ገፋ አደረጉ። ሰው መስክሩልኝ እያለ ሲለምን እንጂ መስክሩብኝ ሲል ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም።

«ያስታረቅሁት እናንተን ነው» አሉ። «መኪኖቹንማ አላስታረቅሁም።»

በነጋታው በበቅሏቸው ደባርቅ ወርደው፣ ትራፊኩን ኩርባው ድረስ ወስደው፣ ማን በየት በኩል እንደመጣ እየረገጡ አሳዩት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መንገዱን ያዘ። የኢንሹራንሱ ገማች መጣ፣ መኪናዋ ተጎትታ ጎንደር ወረደች፣ ባቲላሜራው ቀጥቅጦ አቃናት። የተቀባው ቀለም ከድሮው ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር፤ ማን ግድ አለው። ይዣት ግቢ ስገባ የሺ ኮፈኑን በመዳፏ ዳሰሰች፣ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም የዚያን ዕለት የበላሁት ሽሮ እስካሁን ይጣፍጠኛል።

ቄስ አድማሱ አርፈዋል። ሰዒድና እኔ ግን ሠርግም ለቅሶም አይለየንም። አንዱ ክርስቲያን አንዱ እስላም፣ በምን ተዛመዳችሁ ብለው የሚጠይቁን አይጠፉም። ሰዒድ ሁልጊዜ ይቀድመኛል፤ «እኔ ገጭቼው ነው» ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። በዚህ ነገር ከእሱ ጋር መከራከር ትቻለሁ።