ቢጫ ግንባር ያለው ባቡር

እኔ ኡምሰልማ ስለ ባቡር መልክ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። አዋሽ ጣቢያ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍቼ የገባውንም የወጣውንም ባቡር ሠላሳ ዓመት ያየሁ ሴት ነኝ። ከወሎ ስመጣ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ አሁን እዩት። ማንም ተነስቶ «አንቺ ደግሞ ስለ ባቡር ምን ታውቂያለሽ?» ቢለኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሞኝህን ፈልግ!

ዛሬ የማወራው ግን የራሴን አይደለም፣ የጥጋቡን ነው። ጥጋቡ የጣቢያው ቀለም ቀቢ ነበር፤ ከቡልጋ የመጣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። የጣቢያውን ስም ግድግዳው ላይ የጻፈው እሱ ነው። የሹሙን ስም በቢሮው በር ላይ፣ የጥጥ እርሻውን ስም በመጋዘኑ ላይ፣ የእኔንም ስም በሻይ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ የጻፈው እሱ ነው። የእሱን ስም ግን ከጥቂቶቻችን በቀር የሚጠራው አልነበረም። «ቀለም ቀቢው» ይሉታል፣ በቃ።

ጊዜው ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጥጥ በካሚዮን እየተጫነ መጥቶ ጣቢያው ላይ እንደ ተራራ የሚከመርበት ዘመን። የናፍጣ ባቡሮች መጥተው የእንፋሎቱን ባቡር ከመስመር አስወጥተውት ነበር። እኔ አልወደድኳቸውም። የድሮው ባቡር ሆድ ነበረው፣ የጭስ ማውጫ ነበረው፣ መንኮራኩሩን የሚያዞሩት ብረቶች እንደ ሰው ክንድ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ይኼኛውስ? ቁም ሳጥን! ቁም ሳጥን ላይ ሁለት መስኮትና መብራት ገጥመው ባቡር ነው አሉን።

«አስተውለሽ አላየሽውም እንጂ» ይለኛል ጥጋቡ ሻዩን እያማሰለ። «ትከሻውን ተመልከቺ። ግንባሩ ከመስኮቱ በታች ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል፤ ያንን ያበጀው ሰው እጁ ይባረክ። ጥፋቱ ቀለሙ ነው። የሠሩት ሰዎች ግራጫ የቀቡት ለራሳቸው አገር ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው አሉ። እዚህ ግን አቧራውም ግራጫ፣ ድንጋዩም ግራጫ፣ በቀትርማ ሰማዩም ግራጫ።»

«ቁም ሳጥን ወርቅ ቢቀባም ቁም ሳጥን ነው!» እለዋለሁ። እሱ ወይ ፍንክች።

ነገሩ በቀልድ አልቀረም። የድሮው ባቡር አርባ ከሚባለው ጣቢያ በኩል ሲመጣ ጭሱ ገና በሩቁ ስለሚታይ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ከሐዲዱ ለማራቅ ጊዜ ነበራቸው። ይኼ ግራጫ ግን አናታቸው ላይ እስኪደርስ አይታይም። ከድሩ የሚባለው ነጂ ያለ የሌለ ኃይሉን ጡሩምባው ላይ ያደርጋል፤ ግመሎቹ ደግሞ ጡሩምባውን ሲሰሙ ይደነብሩና ይባስ ብለው ወደ ሐዲዱ ይሮጣሉ። በአንድ ወር ሦስት ግመል ሞተ። በሦስተኛው የባቡሩም ግንባር ተጨራምቶ አዋሽ ላይ ቆመ።

በማግስቱ ጣሃ የሚባል የአፋር ሽማግሌ መጣ። የጣቢያው ሹም አቶ አለሙ ለጠብ የመጣ መስሏቸው ተነስተው ቆሙ። ጣሃ ግን የተጨራመተውን ግንባር ብዙ ሲያየው ቆየና እንዲህ አለ፦

«እኛ ዘንድ መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ወሬውን ሳይሰጥ ጥሎን የሚያልፍ ጠላት ነው። የድሮው ባቡር በጭሱ ‹መጣሁ› ይለን ነበር። ይኼ ፊቱን ደብቆ ይመጣል። ፊት ስጡት።»

አቶ አለሙ ሳቁ። ጥጋቡ አልሳቀም።

ግንባሩ ተቀጥቅጦ ሲስተካከል ትእዛዝ ወጣ፤ እሑድ ከድሬዳዋ ተቆጣጣሪ ስለሚመጣ እስከዚያ ባቡሩ በነበረበት ግራጫ ይቀባ ተባለ።

«ጌታዬ፣ ቢጫ ይፍቀዱልኝ» አለ ጥጋቡ።

«ቢጫ ከቀባህ ከቀለምህ ጋር ትወጣታለህ!» አሉት አቶ አለሙ።

ጥጋቡ ሚስትና አራት ልጆች አሉት፤ የሚኖርባትም ቤት የጣቢያው ናት። ተናደድኩ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ግራጫህን ቀብተህ ዝም አትልም?» አልኩት።

«ኡምሰልማ፣ እስካሁን የሞተው ግመል ነው» አለኝ። «በሚቀጥለው እረኛው ቢሆንስ?»

ቀለም እንዲሞክርበት ስሜ ያለበትን የሻይ ቤቴን ቆርቆሮ ነቅዬ ሰጠሁት።

ሥራ አያያዙን ባያችሁ! ቆርቆሮዬን በየቀለሙ እየቀባ ሐዲዱ ዳር ያቆመዋል። ጣሃ በሜዳው ላይ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ይርቅና ቆርቆሮው ከዓይኑ ሲጠፋ ዱላውን ያነሳል። ነጩን «ጥጥ መስሎኝ» ብሎ ናቀው። ቀዩ ከሩቅ ጠቆረበት። በቢጫው ግን ጣሃ ትልቁን ግራር አልፎ፣ እሱ ራሱ ጉንዳን አክሎ እንኳ ዱላው አልተነሳም።

ቅዳሜ አቶ አለሙ ለሥራ መተሐራ ሄዱ። ጥጋቡ ያን ጠዋት ቀባው። ግንባሩን ቢጫ አደረገና ለማሳመር ብሎ ከመስኮቱ በታች ዘመም ያሉ ሁለት ቀይ መስመሮች ሳበበት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ወላሂ አማረ! ጣሃ መጥቶ ሲያየው ግን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው! ይኼ እኮ የጎረቤታችን ጎሳ የግመል ምልክት ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ልክ እንዲህ! ነገ ባቡሩ ግመል ቢገጭ ‹የእነሱ ከብት ገደለብን› ይባላል። ጎሳ ከጎሳ ልታጣላ ነው?»

አጃኢብ! ጥጋቡ ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠ። «እሺ፣ የማንም ያልሆነ ምልክት ንገረኝ» አለ።

ጣሃ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ በዱላው ይጭር ጀመር። ቀለበቱ ባለቤት አለው። መስቀለኛው ባለቤት አለው። ነጠላ መስመሩም፣ ነጥቡም ባለቤት አላቸው። በመጨረሻ ሁሉንም በእጁ አጠፋውና «ምልክቱን ተወው፤ ሙሉውን ቢጫ አድርገው» አለ። ቀጥሎም ቅር እያለው «ግን ምልክት ከሌለው የማን ነው እንበል? ባለቤት የሌለው ነገር የለም» አለ።

ጥጋቡ የቀረችውን ቢጫ ከጣሳው እያሟጠጠ ሳቀ። «እንግዲያው የእኔ በሉት።»

እሑድ ጠዋት ጉድ ፈላ። አቶ አለሙ የጥጋቡን የስንብት ደብዳቤ ጽፈው በኪሳቸው ይዘዋል። ተቆጣጣሪው አማርኛ እንደነገሩ የሚናገር ፈረንጅ ነበር። ባቡሩን ዞሮ አየና «ማን ቀባ ይኼን?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጥጋቡ። «አርባ ድረስ ሄደው ይመለሱበት። ግመሎቹ ካልራቁልዎ እኔው ፍቄው ግራጫ ቀብቼ ከዚህ እወጣለሁ።»

ፈረንጁ ከከድሩ አጠገብ ወጥቶ ተቀመጠ። ሄዱ።

ከዚያ ጥበቃ ነው። ከግራሩ ወዲያ ግመሎች ሐዲዱን የሚሻገሩበት ቦታ አለ፤ ከድሩ እዚያ ጡሩምባ ሳይነፋ አልፎ አያውቅም፣ ድምፁም እኔ ሻይ ቤት ድረስ ይሰማል። የሚመለሱበት ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን። ጥጋቡ የቀለም ጨርቁን ይጠመዝዛል። ጡሩምባ የለም። ጠበቅን፤ አሁንም የለም።

«አንድ ነገር ሆነው ነው» አሉ አቶ አለሙ። እኔም «ያ ረቢ» አልኩ፤ ስለ ልጆቹ አሰብኩ።

ከዚያ ከአቧራው ውስጥ ቢጫው ብቅ አለ። ገና ከግራሩ ወዲያ እያለ ወለል ብሎ ይታያል። ከድሩ ባቡሩ ሳይቆም አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «አንዴም አልነፋሁም! አንዴም!» እያለ ይጮኻል። «ግመሎቹን ቀድመው አርቀው፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ቆመው ጠበቁን!»

ፈረንጁ ወረደ፤ ግራ የተጋባ ይመስላል። «ሰዎቹ ሁሉ አንድ ቃል ይጮኻሉ» አለ። «በመንገዱ ሁሉ ‹ጥጋቡ! ጥጋቡ!› ጥጋቡ ምንድን ነው?»

ለካ ጣሃ «ቢጫው የጥጋቡ ነው» ብሎ በዳጉ ነግሯል፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና በአንድ ቀን ሜዳው ሙሉ ሰምቷል። አቶ አለሙ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ!

«ምንድን ነው አይባልም፣ ጌታው፤ ማን ነው ይባላል! ያውልዎ፣ ጨርቅ ይዞ የቆመው!»

ፈረንጁ ሄዶ ያን ቢጫ የሆነ እጅ ጨበጠ። ደብዳቤው ከአቶ አለሙ ኪስ ሳይወጣ ቀረ። ኩራቱ ለእኔም ደረሰኝ፤ ያን ቀን የሻይ ቤቴን ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ታሪኩን ሳይሰማ አላለፈም።

ጥጋቡ በኋላ ቆርቆሮዬን መልሶ አመጣና ስሜን እንደገና ሊጽፍበት ብሩሽ አወጣ። «ተወው፣ ቢጫውን እንዳለ ስቀለው» አልኩት። ሰቀለውና ቁጭ አለ። ሻይ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ስሜን ነው አይደል የጠሩት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ስምህን ነው።»